ገመዱን የያዘው እጅ

እ.ኤ.አ. በ1784 የየጁው ራስ አሊ ጓንጉል ጎንደር ላይ እንደራሴ ሆነ። ዛሬ ወልድያ፣ መርሳና ሀብሩ በምንላቸው አገሮች ዙሪያ የተነሣው የየጁ ቤት ከዚያ ጀምሮ ሰባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በዘመነ መሳፍንት ላይ የበላይ ሆኖ ኖረ። ዘውዱን የሚደፉት የሰሎሞን ዘር ነገሥታት ነበሩ፤ የሚሾማቸውና የሚሽራቸው ግን የየጁ ራስ ነበር።

በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ ጁሴፔ ፒኔቲ የተባለ ኢጣሊያዊ የምትሃት ባለሙያ በሄይማርኬት ቲያትር አዲስ ነገር አሳያለሁ ብሎ አስነገረ። ሚስቱ ከፊት ካሉት የክብር መቀመጫዎች በአንዱ ላይ ዓይኗን በመሐረብ ታስራ ትቀመጣለች፤ ከታዳሚው ማንም ሰው ያሰበውን ወይም ያቀረበውን ትናገራለች። የለንደን ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ገባና ተደነቀ።

ትርኢቱ ከዚያ ወዲህ በመድረክ ምትሃት ውስጥ ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆነ። ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ዓይኑ ታስሮ ይቀመጣል፤ ሌላው በታዳሚው መሐል እየተዘዋወረ ሰዓት፣ ቀለበት፣ ሳንቲም እየተቀበለ ይጠይቃል። ሰው ሁሉ የሚመለከተው የታሰረውን ነው፤ ዋናው ሥራ ግን ጠያቂው ጋ ነው። «ይህ ምንድን ነው?» ካለ ሰዓት፣ «እስቲ ንገሪን» ካለ ቀለበት፣ «ቶሎ በይ» ብሎ ከጨመረ የወርቅ መሆኑን አስቀድመው ተስማምተዋል እንበል። መልሱ በጥያቄው ውስጥ ተጠቅልሎ ይደርሳል ማለት ነው። የታሰረው ሰው ማየት አያስፈልገውም፤ የሚያይለት አለ።

ይህን ይዘን ወደ አገራችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1839 ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍና ካርል ኢዘንበርግ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ሚሲዮናውያን ሸዋ ገብተው በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ተቀመጡ። የዕለት ማስታወሻቸው በ1843 ለንደን ላይ ታትሟል። በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ አንኮበር የመጣው ኮርንዋሊስ ሃሪስም ሰፊ መጽሐፍ ትቷል። በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ ባለሥልጣን ሳይሆን ባለሥልጣን የሚያህል ፍርሃት የሚያሳድር አንድ ሰው ተመዝግቦ እናገኛለን፤ ሌባ ሻይ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ዕቃው የተሰረቀበት ሰው ሌባ ሻዩ ዘንድ ሄዶ ያመለክታል። ሌባ ሻዩ ለዚሁ ሥራ ያዘጋጀው ልጅ አለው፤ ዕድሜው ብዙ ጊዜ ከአሥራ ሁለት የማይዘል። ለልጁ የመድኃኒት ዱቄት በወተት በጥብጠው ያጠጡታል፤ ትንባሆም ያስጨሱታል። ጥቂት ቆይቶ ዓይኑ ይፈጣል፣ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱን ይስታል። ወገቡ በመቀነት ወይም በገመድ ይታሰርና ጫፉን ጌታው ይይዛል። ከዚያ ልጁ እየተንደረደረ፣ አንዳንዴም በእጅና በእግሩ እየዳኸ፣ ከደጃፍ ደጃፍ ይዞራል። አንዱ ቤት ገብቶ ይወጣል፤ ሌላው በር ላይ ቆሞ ያመነታል፤ ዞሮ ይመለሳል። በመጨረሻ አንድ ቤት ውስጥ ይገባና አልጋ ላይ ይጋደማል። የዚያ አልጋ ጌታ ሌባ ተባለ። ምስክር አይጠራም፣ ዕቃው ይገኝ አይገኝ አይጠየቅም። ሰውየው ይክፈል ይባላል፤ ከሚከፈለውም ሌባ ሻዩ ድርሻውን ያነሣል።

መቀነቱ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ልጁ በመድኃኒት ደንዝዟል፤ የት እንደሚረግጥ አያውቅም። በዓለም ላይ ካለው ነገር ሁሉ ሳያቋርጥ የሚሰማው አንድ ነገር ቢኖር ወገቡን የያዘው ገመድ ነው። ገመዱ ላላ ሲል ይሮጣል፣ ሲጠብቅ ይገታል። ገመዱን የያዘው ሰው ደግሞ ደንዝዞ አይደለም። ሲመጣ ከባለ ዕቃው ጋር ተቀምጦ ተነጋግሯል፤ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ማን ሰሞኑን ገንዘብ እንዳሳየ፣ ጎረቤቱ በማን ላይ ዓይኑን እንደጣለ ሰምቷል። መንደሩ ውስጥም ሲገባ የሰው ፊት ይመለከታል። አንዳንዱ ሌባ ሻይ ጉቦ በልቶ ልጁን ሆን ብሎ ወደ ፈለገው ቤት ይጎትት ነበር ቢባል የሚያስገርም አይሆንም። ይበልጥ የሚከብደው ግን ሌላው ነው። ሌባ ሻዩ ቅን ሰው ቢሆንስ? በመድኃኒቱ ከልቡ የሚያምን፣ ልጁን እመራለሁ ብሎ ያላሰበ? እጁ ግን ጆሮው የሰማውን ያውቃል።

ያን ጊዜ ሌባ የሚወጣበት ሌላም መንገድ ነበር፤ አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ። የአገሩ ሰው በሙሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ ወንጀለኛው እስኪታወቅም ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። በዚያ ቢያንስ የሚጠረጥረውም የሚጠረጠረውም ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ይከራከራል፣ ይምላል፣ ዋስ ይጠራል። ከደነዘዘ ልጅ ጋር ግን ክርክር የለም። የመንደሩ ሐሜት በገመድ ወደ ልጁ ይወርድና ከልጁ ፍርድ ሆኖ ይወጣል፤ አልጋው የተረገጠበት ምስኪን «ማን ከሰሰኝ?» ቢል የሚጠቁመው ሰው አያገኝም።

እ.ኤ.አ. የካቲት 1846 ላይ፣ የየጁው ዳግማዊ ራስ አሊ ደብረ ታቦር ተቀምጦ ሲገዛ፣ ፓሪስ ውስጥ ሰዓት ሠሪ የነበረው ዣን ኢዠን ሮቤር ኡደን ልጁን ኤሚልን ዓይኑን በወፍራም ጨርቅ አስሮ በፓሌ ሮያል ቲያትሩ መድረክ ላይ አወጣው። ትርኢቱን «ሁለተኛ እይታ» አለው። አባት ከታዳሚው የተቀበለውን ዕቃ ይይዛል፣ ልጅ ከመድረክ ይናገራል። ፓሪስ ስለ ሌላ ነገር አላወራችም።

ሮቤር ኡደን በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ልምምዱን ሳይደብቅ ተርኳል። አባትና ልጅ መንገድ ላይ ሲሄዱ በአሻንጉሊት መደብር መስኮት አጠገብ ሳይቆሙ ያልፋሉ፤ በአንድ ጊዜ እይታ የቻሉትን ያህል ይይዛሉ። ጥቂት እርምጃ ሄደው ወረቀትና እርሳስ ያወጡና ያዩትን ይጽፋሉ። ኤሚል አርባ ያህል ዕቃ መቁጠር እስኪችል ደረሰ፤ አባቱንም በለጠ። እንግዲህ ያ ልጅ መድረክ ላይ ዓይኑ ሲታሰር አስቀድሞ አዳራሹን አይቶታል፤ አእምሮው በወራት ልፋት ተስሏል፤ ከአባቱ ጋር የተስማማበት የምልክት ቋንቋም አለው። የአንኮበሩ ልጅና የፓሪሱ ልጅ በአንድ ዘመን የኖሩ ናቸው። አንዱ ሙያ ተምሮ በጭብጨባ ታጅቦ ወደ ቤቱ ገባ። ሌላው መድኃኒት ተግቶ፣ በጎተተው ሰው ኃጢአት መንደሩ የሚሸሸው ፍጡር ሆነ። ስለ ሌባ ሻይ የጻፉ ሰዎች ስለ ተበዳዩና ስለ ተከሳሹ ብዙ ይላሉ፤ ስለ ልጁ ግን መድኃኒቱ ከላዩ ሲወርድ ምን እንደሆነ፣ ሲያድግ የት እንደገባ የሚነግረን የለም። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ የእርሱ ነገር ነው።

ከሰባት ዓመት በኋላ ሁለት ነገሮች በአንድ ሰሞን ሆኑ። ሰኔ 1853 ላይ ካሳ ኃይሉ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት፣ ራስ አሊን አይሻል ላይ ድል አድርገው የየጁን ዘመን ዘጉ። በዚያው ሰሞን ለንደን ላይ ታላቁ የፊዚክስ ሊቅ ማይክል ፋራዴይ ስለ ጠረጴዛ የሠራውን ሙከራ በጋዜጣ አወጣ። አውሮፓውያን በዚያ ጊዜ ክብ ጠረጴዛ ከበው እጃቸውን ሲያሳርፉበት ጠረጴዛው ይዞር ነበር፤ መንፈስ ነው ያዞረው ይሉ ነበር። ፋራዴይ በእጆቹና በጠረጴዛው መሐል ተንሸራታች ካርዶችን ደራርቦ አስገባና የትኛው ቀድሞ እንደሚንቀሳቀስ ለካ። የቀደመው እጁ ነበር። ሰዎቹ አልዋሹም፤ እየገፉ መሆናቸውን በእውነት አላወቁም። የእንግሊዙ ሐኪም ዊሊያም ካርፔንተርም አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ለዚሁ ነገር ስም ሰጥቶት ነበር፤ ሐሳብ ፈቃዳችንን ሳይጠይቅ ጡንቻን ያንቀሳቅሳል ብሎ። አንድ ሰው የቀኙን ቤት እያሰበ ገመድ ቢይዝ ገመዱ ወደ ቀኝ ያዘነብላል።

 

ሌባ ሻይን በትክክል የሚመስለው ትርኢት የመጣው ከአሜሪካ ነው። በ1870ዎቹ ጄ. ራንዳል ብራውን የተባለ ሰው፣ ከእርሱም ተምሮ የበለጠ ዝና ያገኘው ዋሽንግተን ኧርቪንግ ቢሾፕ፣ ዓይናቸውን ታስረው የተደበቀ ዕቃ መፈለግ ጀመሩ። ቢሾፕ ከአዳራሽ ሲወጣ ታዳሚው ስፒል ወይም የደረት ጌጥ አንድ ቦታ ይደብቃል። ተመልሶ ሲገባ ዓይኑን ያስራሉ። የደበቀውን ሰው የእጁን አንጓ ይይዛል፤ ስለ ቦታው ብቻ አስብ ይለዋል። ከዚያ ይሮጣል፤ ሰውየውን እየጎተተ በወንበር መሐል ይሽሎከለካል፣ ይቆማል፣ ዞር ይላል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ በመጨረሻም ዕቃው ላይ ይወድቃል። ከዚያም አልፎ ዓይኑን ታስሮ በፈረስ ጋሪ የከተማ ጎዳና ላይ እየነዳ የተደበቀ ጌጥ አወጣ። ኒው ዮርካዊው ሐኪም ጆርጅ ቢርድ በ1877 ነገሩን መርምሮ የጡንቻ ንባብ ብሎ ጠራው። የያዝከው ሰው እጅ ወደ ትክክለኛው ቦታ ስትሄድ ይላላል፤ ስትርቅ ይከብዳል። ዓይን መታሰሩ እንዲያውም ይረዳል፤ ልብ ሳይበተን የእጅን ንግግር ያዳምጣል።

ቢሾፕ የሞተው በሥራው ላይ ነው። ግንቦት 1889 ኒው ዮርክ በሚገኘው የላምብስ ክበብ እያሳየ ሳለ ወደቀ፤ ነቅቶ ትርኢቱን እንደገና አሳየ፤ እንደገና ወደቀ። ሐኪሞች ሞቷል ብለው በማግሥቱ አስከሬኑን ከፍተው መረመሩ። እናቱ ልጄ በሰመመን ላይ ነበር፣ በሕይወቱ ሳለ ነው የከፈቱት እያለች እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ጮኸች። በዚያ ዓመት መጋቢት ላይ በእኛ አገር ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወድቀው ዘመኑ የምኒልክ ሆኖ ነበር።

ዐፄ ምኒልክም ሌባ ሻይን ፈትነውታል ተብሎ ተጽፏል። የአውሮፓ ጋዜጦች ከንጉሠ ነገሥቱ ስዊዛዊ አማካሪ ከአልፍሬድ ኢልግ ሰማን ብለው እንደተረኩት፣ ምኒልክ ራሳቸው ጌጣጌጥ ደብቀው ልጁ እንዲፈልግ አዘዙ፤ ልጁም በቤተ መንግሥቱ ክፍሎች ዞሮ ዞሮ የንጉሡ አልጋ ላይ ተጋደመ። ታሪኩ ያን ጊዜ የተወራው ለልጁ ስውር ኃይል ማስረጃ ሆኖ ነው። የቢሾፕን ትርኢት ያወቀ ሰው ግን ሌላ ነገር ይጠይቃል። ጌጡን ማን እንደደበቀው የሚያውቁት እነማን ነበሩ? ንጉሡ ራሳቸው ያውቃሉ፤ ሲደብቁ ያየ አሽከርም ይኖራል። ልጁ ወደ ንጉሡ አልጋ ሲጠጋ ግቢው በሙሉ ትንፋሹን ይውጣል፤ ገመድ የያዘው ሰውም ይህን ያያል።

ትክክለኛው ፈተና እንዴት እንደሚሠራ ዓለም የተማረው ከአንድ ፈረስ ነው። በርሊን ላይ የዊልሄልም ፎን ኦስተን ፈረስ ሃንስ ሲጠየቅ በኮቴው እየመታ ይደምርና ይቀንስ ነበር። በ1904 አጣሪ ኮሚሽን ተቀምጦ ማታለል አላገኘም። ኦስካር ፑንግስት የተባለ ተመራማሪ ግን ሁለት ነገር ለወጠ። ጠያቂውን እንዳያይ የፈረሱን ዓይን በጎን ከለለ፤ መልሱን የማያውቅ ሰውም እንዲጠይቅ አደረገ። ሃንስ ከጥቂቱ በቀር ትክክል መመለስ አቃተው። ፈረሱ ሲያነብ የነበረው ትክክለኛው ቁጥር ሲደርስ ጠያቂው ሳያውቀው የሚያደርገውን ትንሽ የራስ እንቅስቃሴ ነበር። ፑንግስት ይህን በ1907 አሳተመ።

ሌባ ሻይን ለማረም ከመንግሥት በኩል የተነሣው ሰው የወሎ ልጅ ነው። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ የሆነው ልጅ ኢያሱ፣ በ1887 ዓ.ም. ወሎ ላይ የተወለደው፣ አያቱ ምኒልክ ከታመሙ በኋላ አገሩን ሲገዛ በፍርድ ነገር ላይ እጁን አስገባ። ከሳሽና ተከሳሽ ነገራቸው እስኪያልቅ በአንድ ሰንሰለት የሚታሰሩበትን ቁራኛን፣ ከእርሱም ጋር ሌባ ሻይን ለማሻሻል ሞከረ፤ ለአዲስ አበባም «ተረንቡሌ» የተባለ የከተማ ፖሊስ አቋቋመ። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረጉ ትክክል ነበር፤ ልጁን ከመንገድ ያነሣ ሰው ሌባ የሚይዝ ሌላ ሰው ማቆም ነበረበት። በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረደ፤ በጥቅምት አባቱ ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። ስለ ልጅ ኢያሱ ሲነገር ሃይማኖቱና ጉዞው ብቻ ይነሣል፤ ወሎዬ ሆኜ ስለማስብ ይሁን አይሁን እንጃ፣ ይህ ሥራው ከሚገባው በታች የተነገረለት ይመስለኛል።

ሌባ ሻይ ከሕግ የወጣው በተከታዩ መንግሥት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1965 ዓ.ም. በታተመው «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው ካስቀሯቸው ልማዶች ጋር ቆጥረውታል። በ1923 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ፤ በ1949 ዓ.ም. ሌላ ተተካበት፤ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ ፖሊስ እንዴት እንደሚመረምር የሚወስን የሥነ ሥርዓት ሕግ ታወጀ። የልጁ ገመድ ቀርቶ የምስክር ቃል በወረቀት መስፈር ጀመረ።

በመድረኩ ዓለም ግን ዓይን መታሰሩ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1905 ካሽሚር ውስጥ የተወለደው ኩዳ ባክስ ዓይኖቹ ላይ ሊጥ እየለጠፈ፣ በላዩ ጥጥ፣ በጥጡ ላይ ደግሞ ጨርቅ በጨርቅ ላይ እያስጠመጠመ ፊቱ ኳስ እስኪመስል ይሸፈን ነበር። ከዚያ መጽሐፍ ያነብባል፣ ኒው ዮርክ መሐል ብስክሌት ይነዳል። በ1950 አሜሪካ ውስጥ የራሱ የቴሌቪዥን ዝግጅት ነበረው። በሽምግልናው ግላኮማ ዓይኑን ወስዶበት በ1981 ሞተ። የብሪታንያው ቶኒ ኮሪንዳ ደግሞ በ1950ዎቹ ማብቂያ ላይ በአሥራ ሦስት ክፍል ባወጣው መማሪያ አንዱን ክፍል ለታሰረ ዓይን ሰጠው። ጥበቡ ምሥጢር መሆኑ ቀርቶ ሙያ ሆነ፤ የሚያሳየውም የሚያየውም ጨዋታ መሆኑን ያውቃሉ። ይህን ዓይነቱን ትርኢት እወደዋለሁ፤ የሚጎዳው ሰው የለም።

ጨዋታነቱ ሲካድ ነው ነገሩ የሚበላሸው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሶቭየት ኅብረት ውስጥ ሮዛ ኩሌሾቫ የምትባል ሴት ዓይኗን ታስራ በጣቷ ጫፍ ታነብባለች ተብሎ ሳይንቲስቶች ጭምር አጀቧት። ማርቲን ጋርድነር በ1966 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ መልስ ሰጠ። የሰው አፍንጫ ከጉንጭ ከፍ ያለ ስለሆነ ጨርቅ ምንም ቢጠብቅ በሁለቱ ጎን ቀዳዳ ይቀራል፤ ቅንድብን ከፍ ዝቅ በማድረግም ይሰፋል። በዚያ ቁልቁል ማየት ይቻላል። የምትሃት ባለሙያዎች ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቃሉ፤ ሳይንቲስቶቹ እነርሱን አልጠየቁም።

በእኛ ዘመን ደግሞ ልጆቹ ተመልሰው መጥተዋል። በህንድ፣ በማሌዥያና በኢንዶኔዥያ የልጅዎን መካከለኛ አንጎል እናነቃለን የሚሉ ማሠልጠኛዎች ተከፍተው ከወላጅ ገንዘብ ይሰበስባሉ። ልጁ ዓይኑን ታስሮ ቀለም ይለያል፣ ጋዜጣ ያነብባል። የሚያነበውን ነገር ከአገጩ ሥር ይዞ ራሱን ትንሽ ቀና ያደርጋል። የህንድ ምክንያታውያን ማኅበራት ወረቀቱን ከግንባሩ በላይ ሲይዙለት ወይም በአፍንጫው ዙሪያ ያለውን ክፍተት ሲደፍኑት ማንበቡ ይቆማል። ልጁ መዋሸት የተማረው ከትልልቆቹ ነው፤ አባቱና እናቱ ደስ ሲላቸው ያያል፣ አላይም ብሎ ሊያሳፍራቸው አይችልም። የአንኮበሩ ልጅ መድኃኒት ተሰጠው፤ ይህኛው ተጨበጨበለት።

መርሳ ላይ የሚያስተምር ሰው ይህን ሁሉ በአንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ ሊያሳይ ይችላል። የሚያስፈልገው ነጠላና የቁልፍ መያዣ ብቻ ነው። አንድ ተማሪ ከክፍል ይወጣል፤ ሌሎቹ ቁልፉን ይደብቃሉ። ተማሪው ሲመለስ ዓይኑን አስረው የአንዱን ልጅ አንጓ ያስይዙታል፤ የተያዘው ልጅ ቁልፉ ያለበትን ቦታ ብቻ እያሰበ ይከተላል። ፈላጊው ቀስ ብሎ ወደ አራቱም አቅጣጫ እየሞከረ እጁ የሚቀልበትን ያዳምጥ፤ ጥቂት ቢለማመድ ብዙ ጊዜ ያገኘዋል። ቀጥሎ መምህሩ ቁልፉን ብቻውን ይደብቅና ከክፍል ይውጣ፤ የት እንዳለ የሚያውቅ አንድም ሰው በክፍሉ ውስጥ አይቅር። ተማሪዎቹ የዚያኑ ልጅ አንጓ ይዘው እንደገና ይፈልጉ። አሁን በእጁ ውስጥ የሚነበብ ነገር የለም።